ማሽኑ ጠፍቶ የተቀዳ ደም

እኔ አፌ አያርፍም። ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ ልክ ነበርኩ። ዶክተራችን ግን ሌላ ነርስ አጥተው ሳይሆን ለዚሁ አፌ ብለው ነው ወደ ክፍላቸው የወሰዱኝ። «እሺ ባይ ሰልችቶኛል» አሉ።

የጉበት ሐኪም ናቸው። ወጣት ሐኪም ሳሉ፣ ጉበታቸው በድንገት ሥራ ያቆመባቸው ሰዎች ምትክ ጉበት እየጠበቁ እጃቸው ላይ ሞቱባቸው። ከዚያ ወዲህ ዕድሜያቸውን አንድ ማሽን ሲሠሩ ፈጁት። ማሽኑ የበሽተኛውን ደም እያወጣ መርዙን አጣርቶ ይመልሳል፤ ጉበቱ እስኪያገግም ወይም ምትክ እስኪገኝ ሰውየውን ያቆየዋል። ሲነኩትም ሳይነኩትም ስለሚጮህ እኛ «አማት» እንለዋለን። ይህን ሲሰሙ ልጃቸው የተሰደበች ያህል ይከፋቸዋል።

ያን ሰሞን ማሽኑ ላይ የነበረችው ልብስ ሰፊ ናት። ለራስ ምታቷ ክኒን እየደራረበች ውጣ ጉበቷን ጨረሰችው። አምስት ቀን ራሷን አታውቅም። ታላቅ እህቷ የሂሳብ መምህርት ናት፣ የሦስት ልጆች እናት። ከጉበቷ ቆርሳ ልትሰጣት ተመርምራ አልፋለች፤ ለቀዶ ጥገናው ቀን ተቆርጦለታል። «አልፈራም» ትላለች፤ ግን የቀዶ ጥገናውን ሰዓት ደጋግማ ትጠይቀኛለች።

ለቀዶ ጥገናው አንድ ቀን ሲቀር፣ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ገለጠች። የደም ውጤቷም መጣ፤ መርዙ በግማሽ ወርዷል። ዶክተራችን ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡና ፊታቸው በራ። ጊዜም አልፈጁ፣ ኮሪደር ወጥተው ለመምህርቷ «ጉበቷ እያገገመ ነው፤ አንቺን መቅደድ አያስፈልግም» አሏት። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለችና ለባሏ ደወለች።

እኔ ወረቀቱን አነሣሁ። ደሙ የተቀዳው አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ማሽኑ እየሠራ ነበር። ጉበት መዳኑን ለማወቅ ማሽኑ ለስድስት ሰዓት ይጠፋል፣ ከዚያ ነው ደም የሚቀዳው። ሕጉን ያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ በእጃቸው ጽፈው ግድግዳው ላይ ለጥፈውታል።

«ዶክተር፣ ይሄ የማን ውጤት ነው?» አልኳቸው።

«የሷ ነዋ።»

«የማሽንዎ ነው። እስቲ ሰዓቱን ይዩት።»

አዩት። ይቆጡኛል ብዬ መልሴን አሰናድቼ ነበር፤ አልተቆጡም። ሄደው ማሽኑን በገዛ እጃቸው አጠፉት።

አጠገቧ ተቀመጥን። በሦስተኛው ሰዓት ንግግሯ ተምታታ። በአምስተኛው ብንጠራት አትሰማም። ስድስቱን መሙላት አላስፈለገንም፤ ደም ቀድተን ማሽኑን መልሰን አበራነው። ውጤቱ ቁልጭ ያለ ነው፤ ጉበቷ አብቅቶለታል።

«እኔ ልንገራት?» አልኳቸው።

«የዋሸኋት እኔ ነኝ» ብለው ወጡ። ተከተልኳቸው።

መምህርቷ ዕቃዋን ሸክፋ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ዶክተራችን ሳያድበሰብሱ ነገሯት። «የጠዋቱ ውጤት የማሽኑ ነበር፣ ስህተቱ የኔ ነው፣ እህትሽ ያለ ምትክ አትተርፍም፣ አንቺ ግን አሁንም እምቢ ማለት ትችያለሽ» አሏት።

«ጠዋት ደስ ያለኝ ለሷ መስሎኝ ነበር» አለች። «ለራሴ ነው። ከቢላዋ ተረፍኩ ብዬ ነው። እህቴ እዚያ ተዘርራ።» አለቀሰች።

ዶክተራችን አጠገቧ ቁጭ አሉ። ሁልጊዜ ቆመው ነው የሚያወሩት፤ የበሽተኛ ዘመድ አጠገብ ሲቀመጡ ያን ቀን ነው ያየሁት። «እኔም ለማሽኔ ነው» አሏት። «ሃያ ሁለት ዓመት ለፍቼ ሠራልኝ ብዬ። እህትሽ ትዝ ያለችኝ ሲስተር ሰዓቱን ስታሳየኝ ነው።»

መምህርቷ ፊቷን በመዳፏ ጠረገች።

«ማሽንዎ እስከ ነገ ያቆይልኛል?»

«ያቆያል። ለዚህ ነው የሠራሁት።»

ቦርሳዋን ለኔ አቀበለችኝና ተነሣች። «እንግዲያው አልጋዬን አሳዪኝ» አለች።