በሁስኒያ ሳሎን የተሰቀለው አንቀልባ

«ትንሽ ወደ ግራ! ቤቴ ሶፋዬ በሩን አይዘጋም» አለች ሁስኒያ። ሁለቱ ሠራተኞች እየሳቁ ሶፋውን እንደገና አነሱት።

ፍራንክፈርት ከተማ ያለው ሙዚየም የነዋሪዎችን ሳሎን እንዳለ የሚያሳይ ኤግዚቢሽን ቅዳሜ ይከፍታል። ኖርድቬስትሽታት ሰፈር ካለው አፓርታማዋ ሶፋዋን፣ ምንጣፏን፣ የሟች ባሏን ፎቶ ሳይቀር አምጥተዋል። ዕድሜዋን ሙሉ አውሮፕላን ማረፊያ ጭነት ስትለይ ኖራለች፤ አሁን ቤቷን ሰው ሊያይላት ነውና ደስ ብሏታል። ዘመድ ወዳጁን ሁሉ ጠርታለች።

ልጇ ዛሂራ ፎቶ ስታነሳ የኤግዚቢሽኑ ኃላፊ ፍራው (ወይዘሮ) ሊንደማን ጓንት አጥልቃ መጣች። ዛጎል የተሰፋበት የቆዳ አንቀልባ ይዛ ነበር። ከሶፋው በላይ ሰቀለችው።

«ይሄ ደግሞ የማን ነው?» አለች ሁስኒያ በጀርመንኛ።

ፍራው ሊንደማን አልደበቀችም። «ከመጋዘናችን ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን አንድ የጀርመን መኮንን ከዛሬዋ ታንዛኒያ ያመጣው። ይህንንም ታሪካችንን በግልጽ ማሳየት እንፈልጋለን።»

«ገዝቶ ነው?»

«አይደለም። መንደሩ ከተቃጠለ በኋላ የወሰደው ነው።»

ሁስኒያ ጠጋ ብላ አየችው። ማንገቻው ከመታዘል ብዛት ለስልሷል።

«ሕፃኑስ? ከዚያ ወዲያ በምን ታዘለ?»

«አናውቅም» አለች ፍራው ሊንደማን።

«እንግዲያው ያውርዱልኝ። የሰው ሐቅ ቤቴ አይሰቀልም።»

ዛሂራ ደነገጠች። በአማርኛ «እማ፣ ኤግዚቢሽን እኮ ነው፤ የምር ቤትሽ አይደለም» አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሰው ሁሉ ተጠርቷል፤ አሁን አታስቸግሪያቸው።»

«ሶፋው የኔ፣ ምንጣፉ የኔ፣ ፎቶው ላይ ያለው አባትሽ። ታዲያ የማን ቤት ነው?»

ፍራው ሊንደማን ጓንቷን አውልቃ ኪሷ ከተተች። «ዳይሬክተሩን ሳላስፈቅድ ቦታውን መቀየር አልችልም። ዛሬ ስብሰባ ላይ ናቸው። ነገ እንደውልልዎት?»

«በቃ ይደውላሉ፤ እንሂድ» አለች ዛሂራ የእናቷን ቦርሳ እያነሳች።

ሁስኒያ አልተቆጣችም፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም። ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ሶፋው ላይ ወጥታ እግሯን አጥፋ ተቀመጠች።

«እማ! ምን ማድረግሽ ነው?»

«ቤቴ ነኝ። የት እሄዳለሁ?»

ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዛሂራ መጀመሪያ አፈረች፤ ቆየት ብሎ ግን ቦርሳውን አስቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታችና ከእናቷ ጎን ተቀመጠች።

ፍራው ሊንደማን ሁለቱን ለአፍታ ተመለከተቻቸው። ከዚያ ጓንቷን ከኪሷ አወጣች፤ አጠለቀችና ሁለት እጆቿን ወደ አንቀልባው ዘረጋች።