ሃምሳ ቃልና አሥራ ሰባት ለቀስተኛ

ፋናዬ በዚያ ውድድር ሦስተኛ ነው የወጣችው። ይህን ከአሁኑ መናገር ይሻላል፤ አለዚያ አንባቢ አንደኛ ትወጣ ይሆን እያለ እስከ መጨረሻው ልቡ ይንጠለጠላል። አንደኛ የወጣው ማን እንደነበር ዛሬ ሃውገንስቱዋ በሚባለው የኦስሎ ሰፈር ውስጥ የሚያስታውስ የለም። የፋናዬን ድርሰት ያልሰማ ካለ ግን ሰፈሩን ለቅቆ የሄደ መሆን አለበት።

ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ 2015፣ ወሩ ሜይ ነበር። አማርኛ ወዳዶች ፌስቡክ ላይ «ሃምሳ ቃል» የሚባል ቡድን መሥርተው ይወዳደራሉ። ዳኛ የለው፣ ሽልማት የለው። ከሃምሳ ቃል ያልበለጠ ልብ ወለድ በገዛ ገጽህ ላይ ትለጥፋለህ፤ አስተባባሪዎቹ ወደ ቡድኑ ይወስዱታል፤ እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን ብዙ ላይክ ያገኘ አሸነፈ ይባላል። የጨዋታ ነገር ነው። ለፋናዬ ግን ጨዋታ አልነበረም።

ደሴ ተማሪ ሳለች ድርሰቷ በጠዋት ሰልፍ ላይ ይነበብላት ነበር። ኖርዌይ ከገባች ወዲህ ግን በሃያ ዓመት ውስጥ የጻፈችው ነገር ቢኖር ስሟንና የልደት ቁጥሯን ነው። የኮሙኑን፣ የማዘጋጃ ቤቱን፣ ደብዳቤ እንኳ የምታነብላትና የምትመልስላት እዚሁ የተወለደችው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጇ ናታሊ ናት። «ማማ፣ እዚህ ጋ ፈርሚ» ትላታለች፤ ፋናዬም ትፈርማለች። ልጅቷ ክፉ ሆና አይደለም፤ እናቷ ከፊርማ ያለፈ ነገር መጻፍ እንደምትችል አይታ ስለማታውቅ ነው። ፋናዬን የሚያንገበግባት ይኸው ነበር። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ይህን ማን ጻፈው?» ሲባል «እኔ» ማለት አማራት።

ሳምንቱን ሙሉ፣ ኦከርን በሚባል ሰፈር የምታጸዳውን መሥሪያ ቤት እየወለወለች ድርሰቷን በሐሳቧ አሰናዳች። መጀመሪያ ሰማንያ ሦስት ቃል ሆነባት። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አሥር ጣለች፣ ሦስተኛው ላይ ሰባት፤ ቀሪውን በየደረጃው በጣቷ እየቆጠረች አራገፈችው። አርብ ከሰዓት በኋላ ልክ ሃምሳ ላይ ስትደርስ መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋ ለብቻዋ ሳቀች። ቤቷ ገብታ እንዲህ ብላ ለጠፈችው፦

«ቅዳሜ ቅዳሜ ለእናቴ እደውላለሁ። ሁልጊዜ አስቀድማ የምትጠይቀኝ ‹በልተሻል?› ብላ ነው። ‹በልቻለሁ› እላታለሁ፤ ሳልበላም ቢሆን። ዛሬ ስልኩን ያነሳው ወንድሜ ነው። ‹እማዬን አገናኘኝ› አልኩት። ዝም አለ። ወንድሜ በሃያ ዓመት ውስጥ ስለ ሆዴ ጠይቆኝ አያውቅም። ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ‹በልተሻል?› አለኝ። የያዝኩትን ማንኪያ አስቀመጥኩ። ‹አልበላሁም› አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ተናገርኩ፤ ከእንግዲህ የምዋሽላት እናት የለችኝም።»

ከላዩ «ለውድድር» ብላ ልትጽፍበት ነበር። ሃምሳ አንደኛ ቃል ሆኖ ቢቆጠርብኝስ ብላ ፈራችና ተወችው። ጉድ የፈላው እዚህ ላይ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። የከፈተው ባሏ ይመር ነው፤ አውቶቡስ ነጂ ነው፣ ያን ቀን ዕረፍቱ ስለሆነ ገና ከነፒጃማው ነበር። አሥራ ሰባት ሰው ኮሪደሩን ሞልቶታል። ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ የእዝኑ ድስት በፎጣ ተጠቅልሎ በየእጁ አለ። ይመር መርዶ የመጣው ለእሱ መሰለው። «ወንድሜ ነው፤ ወንድሜ ነው አይደል የሞተው?» ብሎ ራሱን ይዞ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

ከፊት የቆሙት የቤተ ክርስቲያኑ የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ እትዬ ታየች ናቸው። ኦስሎ ውስጥ እሳቸው ሳያውቁት የሚሞት አበሻ የለም። ይመርን ተራምደውት አለፉና፣ ከመኝታ ቤት ብቅ ያለችውን ፋናዬን አንገቷን አቅፈው «ብቻሽን ሰማሽው፣ ልጄ፤ እኛ ሞተን ነው ወይ ብቻሽን የሰማሽው» እያሉ አለቀሱ። ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። ፋናዬም ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራ አለቀሰች፤ እትዬ ታየች ሲያለቅሱ ዝም ብሎ መቆም የሚቻል ነገር አይደለም።

«ማን ነው የሞተው?» አለች በመጨረሻ።

«እናትሽ ናቸዋ። አንቺው አይደለሽም እንዴ ፌስቡክ ላይ የጻፍሽው?»

ፋናዬ ነገሩ ሲገባት በሐፍረት ፊቷ ጋለ። ከሐፍረቱ ሥር ግን ኩራት ነበረ። አሥራ ሰባት ሰው፣ ግማሹ ግሮንላንድ ከሚባለው የመሐል ከተማ ሰፈር ማዶ፣ የዕረፍት ቀን እንቅልፉን ትቶ፣ ወጥ ሠርቶ፣ ከባቡር ጣቢያው ዳገቱን ወጥቶ መጣ፤ እሷ በደረደረችው ሃምሳ ቃል። ፈገግታዋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነከሰች።

«ድርሰት ነው፣ እትዬ። የውድድር ድርሰት። እናቴ ደህና ናት።»

ለቅሶው ቆመ። አንዱ ድስቱን ከቀኝ እጁ ወደ ግራው አዛወረ። ይመር ቀስ ብሎ ከወለሉ ተነሳ።

እትዬ ታየች ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «በቁሟ ያለች እናት ትገደላለች? ይሄ ሟርት ነው። አሁኑኑ አጥፊው።»

«ካጠፋሁት ከውድድሩ እወጣለሁ፣ እትዬ። እስከ እኩለ ቀን ብቻ ይታገሱኝ።»

«ኔይ፣ አይሆንም። ከእናት ውድድር ይበልጣል?»

ሌሎቹም ልክ ናቸው እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚህ መሐል ናታሊ ፀጉሯ እንደተንጨባረረ ከክፍሏ ወጣች።

«ምንድነው? ለምንድነው የሚያለቅሱት?»

«እናትሽ በጻፈችው ነው» አላት ይመር፤ ቁጣው ገና አልወጣለትም።

ናታሊ ዞራ እናቷን አየቻት። ቀይ ዓይኖቹን ሁሉ አንድ በአንድ አየች፣ ድስቶቹን አየች፣ እንደገና እናቷን። «ማማ፣ አንቺ ጽፈሽ ነው? ሁሉም የሚያለቅሱት?»

«ጃ፣ እኔ ጽፌ ነው» አለች ፋናዬ።

ልጅቷ እንዲህ አድርጋ አይታት አታውቅም። ከዚያ አተያይ በኋላ ድርሰቱን ማጥፋት ለፋናዬ ሞት ሆነባት። ሟርቱን ግን እሷም ፈርታዋለች፤ ደፍራ እንቢ ማለት አልቻለችም።

«እናቴን ልጠይቃት» አለች። «እሷ አጥፊው ካለች አጠፋዋለሁ።»

ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጋ ደወለች። ወይዘሮ የዓለምወርቅ ደሴ ላይ ስልኩን አነሱ።

«ፋናዬ? ምነው በጠዋቱ? በልተሻል?»

ከበሩ አጠገብ የቆመች አንዲት ሴት እንደገና ሆድ ባሳትና አለቀሰች።

ፋናዬ እየተንተባተበች ነገሩን አስረዳች። «እስቲ አንብቢልኝ» አሉ እናቷ። አነበበችው። የገዛ እናትን ሞት ለእናት ማንበብ ቀላል ነገር አይደለም። እትዬ ታየች እጃቸውን አጣምረው ጠበቁ።

«ስንት ሰው መጣ?» አሉ ወይዘሮ የዓለምወርቅ።

«አሥራ ሰባት።»

«እዝን ይዘው?»

«ይዘው።»

«አለቀሱ? ከልባቸው?»

ፋናዬ እትዬ ታየችን አየቻቸው። «ከልባቸው፣ እማዬ።»

አሮጊቷ ሳቁ። «ሰው የገዛ ለቅሶውን ሳይሰማ ነው የሚሞት። እኔ ዕድሜ ለልጄ፣ በጆሮዬ ሰማሁት። ምን ብሎ ይጠፋል? ልጄ ኦስሎን አስለቀሰች ብዬ ዛሬውኑ ለእድርተኛው እናገራለሁ።» ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ግን ‹ሳልበላም ቢሆን› ያልሽው፣ እሱም ድርሰት ነው?»

ሳሎኑ ውስጥ ከቆሙት መሐል ያችን ውሸት በስልክ ያልዋሸ አልነበረም።

«እሱ እውነት ነው፣ እማዬ።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ?»

«አንዳንዴ።»

«አሁንስ? በልተሻል?»

ከልማድ ብዛት «በልቻለሁ» ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ «አልበላሁም» አለች። እናቷ በሕይወት እያለች ይህን ስትላት የመጀመሪያዋ ነበር፤ እንባዋ መጣ።

«በሉ ድስቱን ክፈቱት» አሉ ወይዘሮ የዓለምወርቅ። «የኔ እዝን ነው፤ የምጋብዘውም እኔው ነኝ። ልጄን አብሉልኝ።»

እትዬ ታየች እያጉረመረሙ ፎጣውን ፈቱ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ራሳቸው ጠቅልለው ፋናዬ አፍ ውስጥ ከተቱ፤ ትልቅ ነበር፣ ቅጣትም ያለበት። ሁለተኛውን ደገሙና «ይሄ ላይክ የሚባለው የት ጋ ነው የሚጫነው?» ሲሉ ይመርን ጠየቁት።

ገና እየተበላ ሳለ በሩ እንደገና ተንኳኳ። ከታች ያሉት ኖርዌጂያዊት ጎረቤት ናቸው፤ ለቅሶውን ሰምተው ደንግጠዋል፣ የሞተ ሰው እንዳለ ለመጠየቅ ነው የመጡት። ፋናዬ አፏ ሙሉ ስለነበር መመለስ አልቻለችም። እንደ ወትሮው ናታሊ በእናቷ ፈንታ ለመናገር ወደ በሩ ሄደች።

«ማንም አልሞተም» አለቻቸው በኖርዌጂያንኛ፣ ኮሪደሩ ሁሉ እስኪሰማ። «እናቴ ደራሲ ናት።»

ይህቺን ለፋናዬ መተርጎም አላስፈለገም።