የወይዘሮ ስኂን ድንክ ዋርካ

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ የሰው ልቡና ዐይን ባየው ቅጠል ፈጥኖ ሐሴት ሲያደርግ፣ ከምድር በታች በስውር የሚደክመውን ሥር ግን ማመን ይሳነዋል፤ ስለዚህም ኀዘናችን የሚበዛው ከጠላነው ሳይሆን አጥብቀን ከያዝነው ነው።

በጣና ዳርቻ ባለች ከተማ አለቃ ፍሥሐ ጽዮን የሚባሉ፣ በዕውቀት የጠገቡ በዕድሜም የሸመገሉ የቅኔ መምህር ነበሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ስኂን ከዚህ ዓለም ድካም ባረፉ ጊዜ ለአለቃ አንድ ሕያው መታሰቢያ ብቻ ቀረላቸው፤ እርሱም ሟቿ በሸክላ ሳሕን ተክለው፣ እየከረከሙና ቅርንጫፉን በሽቦ እያጎበጡ ሃያ ዓመት ያሳደጉት፣ ቁመቱ ከክንድ የማይበልጥ፣ ግርማው ግን የአደባባይ ዛፍ የሚመስል ድንክ ዋርካ ነው። ከሞታቸው በኋላ በሁለተኛው ዓመት ቅጠሉ ገረጣ፤ ሥሩ ሳሕኑን ሞልቶ፣ አፈሩን ውጦ፣ ውሃ የሚገባበት ቀዳዳ እንኳ ጠፍቶ ነበርና። አለቃም የሟቿን የእኅት ልጅ፣ ችግኝ አፍልታ የምትሸጠውን ምንታምርን አስጠሩ፤ እርስዋም በሚያዝያ ሙቀት ዛፉን ከሳሕኑ አውጥታ፣ ሥሩን ከሦስት እጅ ሁለቱን በመጋዝ ቆርጣ ጣለች።

«አንቺ ልጅ! ዛፍ ብሰጥሽ ማገዶ አድርገሽ ልትመልሽልኝ ነው?» አሉ አለቃ ራሳቸውን ይዘው።

«አይ አባባ! ተማሪ ሲቆነጥጥ የማይሳሳ እጅ ዛሬ ለሥር ራራ?» ብላ ሳቀችና ዛፉን በአዲስ አፈር መልሳ በሳሕኑ ተከለችው። «ዋርካ ጉልበታም ነው፤ ቅጠሉ ቢረግፍም አይደንግጡ። ብቻ ሁለት ወር ሙሉ እንዳይነቀንቁት፤ አዲሱ ሥር እንደ ክር ቀጭን ነው። ይማሉልኝ!»

«የስኂን አጥንት ይፋረደኝ!»

መሐላው ሦስት ቀን ጸና። በአራተኛው ቀን ቅጠሉ ሁሉ ረገፈ፤ አለቃም ሞቶ እንደ ሆነ ለማወቅ ቸኩለው ግንዱን ቀስ ብለው ከአፈሩ አነሡት፣ አዩት፣ መልሰው ተከሉት፤ በማግሥቱም እንዲሁ፣ በሰልስቱም እንዲሁ። በሁለተኛው ሳምንት ነጭ ሥር ከቁስሉ ዳር እንደ ጠጕር ብቅ ብሎ ባዩ ጊዜ ከደስታ ብዛት አለቀሱ፤ በነጋውም ማደጉን ሊያዩ ደግመው አነሡት።

ሁለት ወሩ ሲፈጸም ምንታምር መጥታ የግንዱን ልጥ በጥፍሯ ፋቀች፤ ደርቋል። ብትነቅለው፣ የተበጠሱትን ጥቃቅን ሥሮች ጠቁረው አገኘቻቸው።

«አባባ፣ በስንት ቀን አንዴ ነው ያነሡት?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«በየማለዳው።»

ያን ጊዜ አለቃ የባለቤታቸውን የሕመም ወራት አሰቡ፤ ትንፋሻቸው አለመቆረጡን ሊያረጋግጡ በየሰዓቱ ሲቀሰቅሷቸው፣ ሕመምተኛዋ «እባክዎ አለቃ፣ ይተዉኝ፤ ትንሽ ልተኛ» እያሉ ይለምኗቸው ነበር። ባዶውንም ሳሕን ታቀፉ፤ በጨለማ የሚድነውን ቁስል ሁልጊዜ በብርሃን ሊመለከት የሚሻ ፍቅር፣ የሚሳሳለትን በገዛ እጁ ይቀብራልና።