የፌሪድ ብሎኖች

ኦርኔላ ደክሟት የሲኞር ዱሊዮን መጋዘን ደረጃ ወጣች። ሥራዋ ከውጭ ዕቃ የሚያስገቡ ትንንሽ ነጋዴዎችን ለአዲሱ የድንበር ክፍያ ማዘጋጀት ነው፤ ብረቱ ሲመረት ምን ያህል ጭስ እንዳስወጣ ይሰላና አስመጪው ይከፍላል። ትሪየስቴ ከተማ ውስጥ ያላስረዳችው ነጋዴ የለም። የገዛ ድምፅዋ እስኪሰለቻት ድረስ አስረድታለች።

ሽማግሌው ዱሊዮ ብሎን ነጋዴ ነው። የሚሸጠውን ሁሉ የሚያስመጣው ቦስኒያ ውስጥ ቴሻኝ ከተማ ካለው ከወዳጁ ከፌሪድ ፋብሪካ ነው።

«አቋራጭ አለ» አለችው ገና ሳትቀመጥ። «በዓመት የሚያስገቡት ከተወሰነ ክብደት ካላለፈ ሕጉ አይነካዎትም። ትዕዛዙን በግማሽ ይቀንሱና ይገላገሉ።»

«ግማሹን ፌሪድ ለማን ይሽጠው? ላንቺ?»

«እንግዲያው የጭሱን መጠን ይንገረን።»

ለሁለቱም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍተው ደወሉለት። ፌሪድ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ተቆጣ።

«ዱሊዮ! በጦርነቱ ዱቄት የላክህልኝ ሰውዬ ዛሬ ጭሴን ትቆጥራለህ?»

«እሳቸው አይደሉም፣ ሕጉ ነው» አለች ኦርኔላ።

«የእኔን ምድጃ ጭስ እነግርሻለሁ እህቴ። የጥሬ ብረቱን ግን ያቀለጡትን ጠይቂ።»

ብረት አቅላጩ ትልቅ ኩባንያ ነበር። ኦርኔላ ደጋግማ ጻፈች፤ መልስ የለም። ፌሪድ በአካል ሄደ፤ ዘበኛው ከበር መለሰው። ቁጥሩ ካልተገኘ ደግሞ የሚሠራው የመንግሥት ግምት ነው፤ እሱም ክፍያውን ከበድ ያደርገዋል።

በመጨረሻ ራሱ ፌሪድ ደወለ። «ትዕዛዙን በግማሽ ቀንሰው ወንድሜ። ጥቂት ሠራተኞች አሰናብታለሁ። ምን ይደረጋል!»

ዱሊዮ ስልኩን ዘግቶ መነጽሩን ወለወለ።

«በከባዱ ግምት ብከፍል ሱቁ ሳይዘጋ ይቀጥላል?»

«ይቀጥላል። ትርፍ ግን አይጠብቁ።»

«አንቺማ መርዶ ነጋሪ ነሽ። በይ፣ ከክብደቱ ገደብ በላይ የሚያስገባውን የአስመጪነት ፈቃድ አመልክቺልኝ።»

ኦርኔላ ይተዉት ልትለው አፏን ከፈተች፤ ግን ለመከራከር አቅም አልነበራትም። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ እንዲተወው አልፈለገችም። ማመልከቻውን ሞልታ ላከችና ቦርሳዋን አነሳች። ሌላ ነጋዴ ይጠብቃታል።

ደረጃውን ስትወርድ ዱሊዮ በስልክ ሲጮህ ሰማችው። «ማንንም እንዳታሰናብት፣ አንተ ደረቅ! እንደ ድሮው ላክ ብዬሃለሁ፣ ላክ!»