ሃሌሉያ ትምህርት ቤት ገባች

«ክቡራትና ክቡራን የቦንጋ ከተማ ነዋሪዎች! ሃሌሉያ ኃይለመስቀል የተባለች የሦስተኛ ክፍል ተማሪ በመጪው ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት እንደምትሄድ ስናበስር ታላቅ ደስታ ይሰማናል!»

አዋጁ በማስታወቂያ መኪና ከተማውን ሲያዳርስ ዋለ። ገበያ ላይ ጎደሬ የምትሸጥ ሴትዮ ቀና ብላ፣ «ምነው፣ እስከ ዛሬ ታማ ነበር እንዴ?» አለች።

«ኧረ ጤነኛ ናት። የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊው ልጅ ናት።»

«እንዲያ ነው? እግዜር ይማራት» አለችና ጎደሬዋን መደርደር ቀጠለች።

ነገሩን ያመጣው ግምገማ ነው። የዞኑ አስተዳዳሪ አቶ ለገሰ መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ አዳራሹ ዝም ይላል፤ ሰውዬው መነጽር የሚጠርጉት ሰው ሊጠርጉ ሲሉ ነው። ያን ቀንም ጠረጉና፣ «ጓድ ኃይለመስቀል፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቶቻችን ጥራት እንዴት ነው?» አሉ።

«እጅግ ከፍተኛ ነው።»

«ልጅህ የት ነው የምትማረው?»

ኃይለመስቀል ውኃ ጠጣ። ውኃው አለቀ። ጥያቄው ግን እዚያው ነበር።

«ጋሽ ከሊል ጋ።»

ጋሽ ከሊል ጋ ማለት በከተማው ያለው የግል ትምህርት ቤት ማለት ነው። ኃይለመስቀል ተነሥቶ ግለ ሂሱን አወረደ፤ ልጁን ገንዘብ ከፍሎ ማስተማሩ የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት መሆኑን፣ ምንጩም ንዑስ ከበርቴነት መሆኑን፣ ከዛሬ ጀምሮ እንደሚታገለው ተናገረ። እሱ ሲቀመጥ ጎኑ ያለው ተነሣ፤ ያም የራሱ ልጅ እዚያው እንደሚማር አመነ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውም። አዳራሹ ውስጥ ልጁን መንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምር አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ሻይ አቅራቢው ነው፣ አልተገመገመም።

«ቃል የገባ ይፈጽማል» አሉ አቶ ለገሰ መነጽራቸውን እየመለሱ። «የእኔም ልጅ፣ ማሙሽ፣ ከሰኞ ጀምሮ መንግሥት ትምህርት ቤት ነው። የማይፈጽም አመራር ገጠር፣ ደካ ወርዶ ሱፐርቫይዘር ይሆናል።»

ደካ ክፉ አገር ሆኖ አይደለም። ግን የኃይለመስቀል ሚስት ብርቄ ከቦንጋ ንቅንቅ እንደማትል ከሠርጋቸው በፊት ተናግራለች። ደካ መውረድ ማለት እንግዲህ ኃላፊነቱንም፣ ብርቄንም፣ ሃሌሉያንም ባንድ ቀን ማጣት ማለት ነው።

ማታ ነገራት።

«ልጄን ከሰማንያ ልጅ ጋር ባንድ ክፍል ልታጉርልኝ?»

«ሪፖርቱ ላይ እኮ ሃምሳ ነው፣ ብርቄ።»

«እንግዲያው ሪፖርቱ ላይ ትቀመጥልህ!»

በማግስቱ ብርቄ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ጋሽ ከሊል ዘንድ ሄደች። ጋሽ ከሊል ትምህርት ቤቱን ከመክፈታቸው በፊት ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ሰው ሲያዝን ካዩ አብረው ያዝናሉ፣ ቀጥሎም ይለካሉ።

«አይዞሽ፣ እትዬ ብርቄ። የመንግሥቱ በፈረቃ አይደል? የጠዋቱ ስድስት ሰዓት ላይ ያልቃል። ከዚያ በጓሮ በር ትምጣልኝ፤ ምሳዋን በልታ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ትማራለች። ብቻ ነገሩ ካንቺ አይውጣ። ለሌላ ሰው እንዲህ አላደርግም፤ ለአንቺ ብዬ ነው።»

ኃይለመስቀል ይህን ሲሰማ በመላው ካፋ ብቸኛው አታላይ እሱ መሆኑ ገባው። አፈረ። እራቱን ግን በላ።

ሰኞ ዕለት ሃሌሉያ ከእናቷ ጋር በባነር ሥር አልፋ ገባች። ተጨበጨበ። የአመራር ልጆች እንዳይበታተኑ ተብሎ አንድ ክፍል ተሰጥቷቸው ነበር፤ ግድግዳው ተቀብቷል፣ መስኮቱ መስተዋት ገብቶለታል፣ ስሙም «ሞዴል ክፍል» ተብሏል። የሌላው ክፍል ልጆች በዕረፍት ሰዓት መስተዋቱ ላይ ተለጥፈው ወንበሩን ያያሉ። ርእሰ መምህርቷ እትዬ በዛወርቅ ይህን «የልምድ ልውውጥ» ብለው ሪፖርት አደረጉ።

ወሩ እንዲህ በሰላም አለቀ። ኃይለመስቀል ደካን ረሳ። አቶ ለገሰ ውጤቱን ሊያዩ የመጡ ዕለት እንኳ አልፈራም ነበር፤ የሚመጡት አራት ሰዓት ላይ ነው ተብሏል። የመጡት ግን አምስት ሰዓት አልፎ ነው። አመራሩ ሁሉ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፣ አቶ ለገሰም ጥቁር ሰሌዳው ፊት ሆነው ንግግር ጀመሩ።

ኃይለመስቀል ሰዓቱን አየ። ስድስት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል።

«…ልጆቻችንን ከሕዝብ ልጆች ጋር ያቀላቀልንበት ይህ ክፍል…»

ሃሌሉያ ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ኃይለመስቀል ተንጠራርቶ ዓይኗን ፈለገና ቁጭ በይ በሚል ምልክት መዳፉን ወደ ታች ተጫነ። ጎኑ የቆመው የግብርናው ኃላፊም አየርን ወደ ታች ሲጫን አየው፤ የጤናውም እንዲሁ። ትንኝ የሚያባርሩ መሰለው።

«…እዚህ ጋር ሦስት ነጥቦችን ላንሣ። አንደኛ…»

የስድስት ሰዓት ደወል ተደወለ። አቶ ለገሰ እጃቸውን ከፍ አድርገው ጠበቁት፤ ደወል ንግግር አያቋርጥም።

ሃሌሉያ ተነሣች። ኃይለመስቀል ዓይኑን ጨፈነ። ልጅቷ የመንግሥት ትምህርት ቤቱን ሰማያዊ ሹራብ በአናቷ ላይ ሳበችና አወለቀች፤ ከሥሩ የጋሽ ከሊል ቀይ ሹራብ ነበር፣ የደረት ምልክቱ ሳይቀር።

ኃይለመስቀል ስሙ እስኪጠራ ጠበቀ። የሚሰማው ግን የሱፍ ፍትጊያ ብቻ ነው። ዓይኑን ቢገልጥ ክፍሉ በሙሉ ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ ሹራብ ያወልቃል። ሰማያዊው አለቀ፤ ሁሉም ቀይ ሆነ። የጤናው ኃላፊ ጣሪያውን ያያል፣ የግብርናው ጫማውን።

ከፊተኛው ወንበር አንድ ልጅ ቦርሳውን አንግቶ ወጣና፣ ጀርባውን ለተናጋሪው ሰጥቶ፣ «በቁመት ተሰለፉ! ጋሽ ከሊል በሩን ሳይዘጉብን!» አለ።

«ማሙሽ…» አሉ አቶ ለገሰ፣ እጃቸው እንደተሰቀለ።

«ሰዓት ደረሰብን፣ አባዬ» አላቸው ልጁ፣ እና ሰልፉን እየመራ ወጣ። በር ላይ የሚጠብቁት የከሰዓት ፈረቃ ልጆች፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ገለል ብለው አሳለፏቸው።