ጉማሬውና የበረዶው ብርጭቆ

ይህን ታሪክ የማወራው እውነት ስለሆነ ብቻ ነው። ውሸት ቢሆንማ ከዚህ አሳምሬ እፈጥረው ነበር። አንዲት ቃል ጨምሬ ከተገኘሁ ጥርሴ ይርገፍ፤ የቀሩኝ ጥቂት ስለሆኑ በእነሱ አልቀልድም።

በመምህርነት የምትሰለጥን አንዲት ልጅ አለች። ስሟን የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «እስቲ» ነው የሚላት። በልጅነቷ የቤቱን ሬዲዮ ፈታታ ወለል ላይ ዘርግታ ተገኘች። እናቷ «ምን እያደረግሽ ነው?» ብትላት «እስቲ ውስጡን ልየው ብዬ» አለች። ሬዲዮው እስከ ዛሬ አልተገጠመም፤ ስሙ ግን ተገጠመባት።

የማስተማር ልምምዷን የምታደርግበት ትምህርት ቤት ውስጥ አጎቷ፣ የእናቷ ወንድም፣ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ነው። ስለዚህ ሰው ብዙ ማለት ይቻል ነበር። እሱ ባይኖር ትምህርት ቤቱ ገና ድሮ ተዘግቶ የእህል መጋዘን ይሆን እንደነበር ማንም ያውቃል። ግን ታሪኩ የእሷ ስለሆነ እንለፈው።

በልምምዱ ማብቂያ ገምጋሚው ይመጣሉ። አንድ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ተቀምጠው ያይዋታል። ካለፈች የራሷ ክፍል ይሰጣታል፤ ከወደቀች ዓመቱን እንደ አዲስ ትደግማለች። ገምጋሚው ደግሞ እንደዋዛ የሚታዩ ሰው አይደሉም። በር ሲከፍቱ ጠመኔ በራሱ ጊዜ ይሰበራል። አንዴ አንድ ሰልጣኝ ፊታቸው ቆሞ የገዛ አባቱን ስም ረስቷል ይባላል።

እስቲን ግን እንቅልፍ የነሳት ገምጋሚው ብቻ አይደሉም። ክፍሏ ውስጥ እጅ የሚያወጡት ሁሌም የፊት ወንበር ልጆች ናቸው። የኋለኞቹ አፋቸውን ዘግተው ያይዋታል። «እነዚህ ልጆች ምን እያሰቡ ይሆን?» እያለች ትብሰለሰላለች። መልሱን ፍለጋ ኢንተርኔት ውስጥ ገባች፤ ለመምህራን የተሠራ መሣሪያ የተባለ ሁሉ አልቀራትም።

መጀመሪያ የጫጫታ መለኪያ አገኘች። ክፍሉ ሲረብሽ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ የሚታዩ ኳሶች ይዘላሉ፤ ዝም ሲል ይተኛሉ። ልጆቹ ኳሶቹን ለማስተኛት ዝም ይላሉ ብላ ነበር። ልጆቹ ግን ሲጮሁ ኳሶቹ እንደሚዘሉ ሲያዩ ማን ይያዛቸው! የዚያን ቀን ጩኸት ከማዶ ያለው ትምህርት ቤት የእሳት አደጋ መስሎት ተማሪዎቹን ወደ ሜዳ አስወጣ።

ቀጥሎ ስም የሚያወጣ መንኮራኩር አመጣች። ይሽከረከራል፣ ይቆማል፣ ስሙ የወጣለት ይመልሳል። መንኮራኩሩ አንዱን ልጅ ወደደው፤ ደጋግሞ እሱ ላይ ይቆማል። ልጁ «ቂም ይዞብኛል» ብሎ ወንበር ቀየረ። አሁንም ወጣበት። «መምህር፣ የት እንደተቀመጥኩ ማን ነገረው?» አለ።

ሦስተኛው ነው ነገሩን የለወጠው። ሁሉም በያለበት የሚጽፍበት የጋራ ሰሌዳ ነው። የጸሐፊው ስም አይታይም፤ ሰሌዳው ራሱ ለእያንዳንዱ የእንስሳ ስም ይሰጠዋል። ክፍል ይዛው ከመግባቷ በፊት እቤት ሞከረችው።

«እማ፣ ስልክሽን አምጪው።»

«ደግሞ ምኔን ልትፈቺው ነው?»

«አልፈታውም። እስቲ የፈለግሽውን ጻፊ። ማን እንደጻፈው አይታወቅም።»

እናትየው እያጉረመረመች ወደ ጓዳ ገባች። ትንሽ ቆይቶ የእስቲ ኮምፒውተር ላይ «ጥንቸል፦ እራቱ ቀዘቀዘ» የሚል ወጣ። አብሯቸው የነበረው አጎቷ ሳቀ፤ «በዚህ ቤት እራት የሚያሳስባት ጥንቸል አንድ ናት» አለ። ወዲያው ሌላ መጣ፦ «ጥንቸል፦ ብትወድቂም ልጄ ነሽ። ግን እባክሽ አትውደቂ።»

እስቲ መልእክቱን ደግማ አነበበችው። እናቷ ፊት ለፊት እንዲህ ያለ ነገር ተናግራ አታውቅም። «ይሄ ነው» አለች ለራሷ፤ «በዚሁ እገባለሁ።»

ቀኑ ደረሰ። ገምጋሚው የኋላው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ አግዳሚው ሲጢጥ ብሎ ለምሕረት ለመነ። ልጆቹ የትምህርት ቤቱን ታብሌቶች ተከፋፈሉ። ሰሌዳው ግድግዳው ላይ በራ፤ መብራቱ ከመድመቁ የተነሳ ውጭ ያሉ ወፎች የነጋ መስሏቸው እንደገና ዘመሩ። አጎቷ የወንበዴ ራስ የሚያህል በረዶ በሳህን ይዞ ገባ፤ ለማንም እንዳይታይ በር ላይ በትሕትና ቆመ።

እስቲ ከበረዶው ሰብራ ብርጭቆ ውስጥ አድርጋ ውኃ እስከ አፉ ሞላችበት። በረዶው ተንሳፈፈ። «በረዶው ሲቀልጥ ውኃው ይፈሳል፣ ይጎድላል ወይስ እንዳለ ይቆያል? እስቲ ያሰባችሁትን ጻፉ። ምክንያቱንም።»

ግድግዳው በመልስ ተጥለቀለቀ። ቀጭኔ «ይፈሳል» አለ። ኤሊ «አላውቅም፤ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ» አለ። አይጥ «አይፈስም፤ በረዶው ቦታውን ቀድሞውንም ይዟል» አለ። እስቲ ቀና ስትል የኋለኞቹ ልጆች ጣታቸው ሲሮጥ አየች። አንድ ቀን እንኳ ድምፃቸውን ያልሰማችው ሁሉ ይጽፋል።

ያኔ ነው ጉማሬ የመጣው።

«ጉማሬ፦ ይፈሳል! በረዶ ማለት ውኃ ነው፤ ሙሉ ብርጭቆ ላይ ውኃ ሲጨመር ይፈሳል። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።»

«አይጥ፦ እየተጨመረ እኮ አይደለም። እዚያው ነው ያለው።»

«ጉማሬ፦ አይጥ፣ ከእኔ ጋር አትከራከሪ።»

«ኤሊ፦ ጉማሬ ሆይ፣ ኩሬ ውስጥ ስትንሳፈፍ ውኃው ከፍ ይላል። እዚያው ብትቀልጥ ደግሞ እንደገና ከፍ ይላል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሁሉም ዞሮ ጉማሬውን ይፈልጋል። «መምህር፣ አስወጪልን! ይረብሻል!» ተባለ። ማስወጣት ቀላል ነበር፤ አንድ ቁልፍ መንካት ነው። ገምጋሚው እያዩ ክፍሉ ከእጇ እየወጣ ነው፤ ጣቷ ቁልፉ ላይ ደርሷል። ዓመቱ ሙሉ በዚያች ጣት ጫፍ ላይ ነው ያለው።

ጣቷን አነሳች። ይህ ጉማሬ ለምን እንዲህ እንዳሰበ ማወቅ አማራት።

«ጉማሬ እዚሁ ይቆያል» አለች። «ጉማሬ፣ ብርጭቆውን እየው። በረዶው ሁሉ ከውኃው በላይ ነው?»

ሰሌዳው ላይ መልስ ወጣ፦ «ጉማሬ፦ ጥቂቱ ብቻ።»

«የቀረውስ?»

«ጉማሬ፦ ውኃው ውስጥ።»

«ውኃው ውስጥ ያለው ቦታ አልያዘም?»

ሁሉም ግድግዳውን ያያል። በር ላይ የቆመው አጎቷ ግን ዓይኑ እንደ ጭልፊት ስለሆነ ያየውን አየ፤ ገምጋሚው የሰሌዳውን መግቢያ ኮድ ከግድግዳው ላይ አንብበው በስልካቸው ገብተዋል! አውራ ጣታቸው አግዳሚው ሥር ሲንቀሳቀስ ግድግዳው ላይ «ጉማሬ፦ ይዟል» የሚል ወጣ።

«ስለዚህ ሲቀልጥ የሚሞላው ራሱ የያዘውን ቦታ ነው እንዴ? እስቲ እንጠብቅ።»

ልጆቹ ወንበራቸውን ትተው ብርጭቆውን ከበቡት። በረዶው ሳሳ፣ ቀጠነ፣ እንደ ጥፍር ሆነ፣ ጠፋ። ውኃው ብርጭቆው አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቆመ። ጠብታ አልወረደም።

«ጉማሬ፦ እሺ።»

ጭብጨባው የጣሪያውን ቆርቆሮ አንስቶ መለሰው። ገምጋሚው ከአግዳሚያቸው ተነሱ፤ እንባቸው ጺማቸው ላይ እየወረደ «ጉማሬው እኔ ነኝ!» ብለው አወጁ። ከዚያማ የሰጧትን ውጤት የሚመዘግብ ቦታ ስላልነበረ አዲስ ተፈለሰፈ።

ይህን ሁሉ ጽፌ እቤት ጮክ ብዬ አንብቤ ስጨርስ እናትየው ሳቀች። እስቲ ጠረጴዛው ጥግ ላይ የተማሪዎቿን ደብተር ታርማለች።

«ጋሼ» አለችኝ። አዎ፣ አጎቷ እኔ ነኝ፤ እስካሁን ያልተናገርኩት በትሕትና ነው።

«እ?»

«በዚያን ቀን መብራት አልነበረም።» ድምፅዋን አላነሳችም። «ወረቀት ቀድጄ፣ የእንስሳቱን ስም ራሴ ጽፌ ነው ያደልኩት። ግድግዳው ላይ እየለጠፍን ነው የተከራከርነው።»

«ታዲያ ወረቀትስ ሰሌዳ አይደለም?» አልኩ።

«ገምጋሚው ወረቀት አልወሰዱም።»

እናትየው ሳቋን አቆመች። «ጉማሬው ማን ነበር ታዲያ?»

እስቲ መልስ ከመስጠቷ በፊት አንድ ገጽ አረመች። «በረዶውን አምጥቶ ‹አልወጣም፣ እኔም እመልሳለሁ› ብሎ ከልጆቹ ጋር የተቀመጠው ነዋ። ‹ይፈሳል› ሲል ተጭኖ ከመጻፉ የተነሳ ወረቀቱን ቀደደው።»

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«ገምጋሚው ሲወጡ ምን አሉኝ መሰለሽ፣ እማ» አለች እስቲ። «‹ያንን ሰውዬ ካሳመንሽ የትኛውም ክፍል አያቅትሽም። አልፈሻል።›»

ከዚያ የሚቀጥለውን ደብተር ገለጠች።