ያልደረቀው ቀለም

ኣረፋይነ ቀይዋን መኪና ከገዛ ገና ወሩ ነበር፤ የመቀመጫዎቹ ላስቲክ እንኳ አልተነሣም። የመምህር ባርናባስ ሠርግ ሲደርስ ሙሽራዋን የሚወስድ መኪና ጠፋ። የሥራ ባልደረባው የመምህር ሔሩይ ሚስት ማዘንጊያ የአከራያቸውን የኣረፋይነን ሚስት ኣስካልን ለመነቻት። ኣስካል ባሏን እንዴት እንዳሳመነችው አይታወቅም፤ ብቻ እሑድ ጠዋት ኣረፋይነ ቁልፉን ለሔሩይ ሰጠውና «እንደወሰድካት መልሳት» አለው።

ሔሩይና ማዘንጊያ ከደብረ ብርሃን መጥተው ሓወልቲ በሚባለው ሰፈር በኣረፋይነ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ኣረፋይነ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከተቆጣ ግን የሚመልሰው የለም። ከእነሱ በፊት የነበረውን ተከራይ፣ ሳትጠይቀኝ ግድግዳዬ ላይ ምስማር መታህ ብሎ አስወጥቶታል። ማዘንጊያ ደግሞ ልትወልድ ተቃርባለች።

ሠርጉ እስከ ቀትር ድረስ መልካም ነበር። ነገሩ የመጣው ለፎቶ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ዓይናለም ሲሄዱ ነው። ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ ከፊት በፒክአፕ ላይ ቆሞ፣ ቅረብ ቅረብ እያለ በእጁ ይጠራዋል፤ መኪናዋን የሚነዳው ሔሩይም ተጠጋው። አስፋልቱ አልቆ ጠጠሩ ሲጀምር ፒክአፑ ፍጥነቱን አልቀነሰም። ጠጠሩ እየተፈናጠረ የመኪናዋን ፊት ይደበድበው ጀመር። ሙሽሮቹ ከኋላ ይስቃሉ፣ ሚዜዎቹ ያጨበጭባሉ፤ የሔሩይ መዳፍ ግን መሪው ላይ በላብ ይንሸራተት ነበር።

ሲቆሙ ወርዶ አየ። የኮፈኑ ቀለም እዚህም እዚያም ተፈንቅሏል። አብዛኛው የስንዴ ፍሬ አይሞላም፤ አንዱ ግን ባቄላ አክሎ ብረቱ ድረስ ተልጧል። አንዷ ሚዜ አይታ አዘነችለትና ቀይ የጥፍር ቀለም ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። ሔሩይ ትልቁን ቀባው። ሲቀባው ጠቆረ፤ የደረቀ ደም መሰለ።

ሙሽሮቹን አዳራሽ እንዳደረሰ ምሳውን ትቶ ጋራዥ ፍለጋ ሄደ። እሑድ ስለሆነ ብዙዎቹ ተዘግተዋል። ክፍት ያገኘው የአብዱሰመድን ነው፤ አብዱሰመድ ከወሎ መጥቶ ቀለም ቀቢነት የሚሠራ ሰው ነው። የጥፍር ቀለሙን በቲነር ጠርጎ አነሣው፤ ቀለሙ የሚይዝበትን መደብ ቀባ፤ ቀዩንም በቀጭን ብሩሽ ጠብታ ጠብታውን አሳረፈበት። እስኪደርቅ አትንካው፣ ሲደርቅ መልሰህ አምጣትና አስተካክዬ እወለውልልሃለሁ አለው። ሔሩይ መኪናዋ ዛሬውኑ ለባለቤቷ መድረስ እንዳለባት ሲነግረው፣ አብዱሰመድ ብሩሹን እየጠረገ ቀና አለ።

«እንግዲያው ንገረው እንጂ ሰውየውን።»

ሔሩይ ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ። መንገዱን ሁሉ ውሸት ሲያማርጥ ሄደ። ልጆች ድንጋይ ወረወሩ ልበል? ቆማ ሳለ ሌላ መኪና ጫራት ልበል? ማዘንጊያ በዚያ ሆዷ፣ ዕቃቸው ጋሪ ላይ ተጭኖ፣ ቤት ለቤት ክፍል ስትጠይቅ ታየችው።

ኣረፋይነ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ሠርጉ እንዴት እንደነበር ጠየቀው፤ እየጠየቀም የልጁን ትከሻ እንደሚዳብስ ሰው ኮፈኑን በእጁ ዳበሰው። እጁን ሲያነሣ ጣቱ ቀልቷል። ጣቱን አየ፤ ከዚያ ሔሩይን አየ።

«እንታይ እዩ፣ ምንድን ነው ይሄ፣ መምህር?»

ሔሩይ ያዘጋጀው ውሸት ሁሉ ጠፋበት። ጠጠሩንም፣ የጥፍር ቀለሙንም፣ ጋራዡንም እየተንተባተበ ነገረው። ኣረፋይነ አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻል ነበር። ቁልፉን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ገባ፤ በሩንም ዘጋው።

ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ የሰው ኮቴ በተሰማ ቁጥር ሔሩይና ማዘንጊያ በር በሩን ያያሉ። ማዘንጊያ ድስቶቿን ካርቶን ውስጥ መክተት ጀመረች። ኣስካል ውኃ ልትቀዳ ስታልፍ አየቻትና ሳትቀዳ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ረቡዕ ከሰዓት ኣረፋይነ በሩን አንኳኳ። ሔሩይ ወጣ። ኣረፋይነ ቁልፉን ዘረጋለትና፣ ሰውየው እወለውላለሁ አላለህም ወይ፣ በል ንዳ አለው። ሔሩይ ነዳ። አሸዋ የጫነ መኪና ከፊታቸው ሲገባ ደንግጦ ሊቆም ምንም አልቀረው። ኣረፋይነ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ፣

«ኣስካል እንደምትፈሩኝ ነገረችኝ» አለ። «እውነት ነው?»

ሔሩይ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም። «እውነት ነው፣ ኣያ ኣረፋይነ» አለው።

ጋራዡ ደረሱ። አብዱሰመድ ቀለሙን አለስልሶ ወለወለው፤ ቦታውን የማያውቅ ሰው አያገኘውም፤ የሚያውቀው ግን ያየዋል። ኣረፋይነ ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ ተመለከተውና፣ ደኅና ነው አለ። ሲመለሱ ራሱ ነዳ። ግቢው ደርሰው ሔሩይ ሊወርድ ሲል ክንዱን ያዝ አደረገው።

«ለማዘንጊያ ንገራት። ዕቃዋን ትፍታ።»

ሔሩይ ሮጦ ገብቶ ነገራት። ማዘንጊያ ግን ወዲያው አላመነችውም፤ ድስቶቹን ከካርቶን ያወጣቻቸው በማግስቱ ነው።